ዶክትሪን ላይ የጄኔራሎች ስራ መፈረም ብቻ ነው እንዴ?

የሻምበሉ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጽሁፌ ላይ ከፍተኛ አዛዦች በዶክትሪን (ጦሩ እንዴት እንደሚዋጋ በሚያስረዳው መመሪያ) ዝግጅት ያላቸው ሚና የሚል ክፍል አለ፣ ከቬትናም በኋላ ያለውን የአሜሪካ ጦር ልወስድ ነው። ማኑዋሉን ቁጭ ብለው የሚጽፉት ኮሎኔሎች ከሆኑ ጄኔራሉ ከፊርማ ሌላ ምን ይሰራል? የምታውቁ በናታችሁ አስረዱኝ።

ታንከኛው፦
ኧረ ፊርማ ብቻማ አይደለም ወንድሜ። ጄኔራል ዴፑይን እይ፣ ትራዶክ የሚባለው የስልጠናና ዶክትሪን ዕዝ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲቋቋም የመጀመሪያው አዛዥ እሱ ነው፣ በዛው ዓመት በጥቅምት የአረብና የእስራኤል ጦርነት ተነስቶ ታንክ በሚሳኤል እንዴት እንደሚነድ ሁሉም አየ፣ እሱም የ1976ቱን ማኑዋል ብዙ ክፍል በራሱ እጅ ጻፈው። ግን ከላይ ወደ ታች የወረደ ነገር ስለሆነ ብዙ መኮንን አልተቀበለውም፣ መከላከል ላይ አተኮረ አሉት።

ሳጅን ከቨርጂኒያ፦
ታንከኛው ልክ ነው፣ እኔ ግን ጄኔራል ስታሪን አስበልጣለሁ። የዴፑይን ማኑዋል አብሮ ያዘጋጀ ሰው ነው፣ ከዛ ጀርመን ሄዶ 5ኛ ኮርን ሲረከብ ፉልዳ በሚባለው የድንበር አካባቢ ችግሩን በአይኑ አየው፣ የመጀመሪያውን የሶቭየት ማዕበል ብትመክት እንኳን ከኋላ የተሰለፈው ይመጣብሃል። በ1977 ዴፑይን ተክቶ ትራዶክ ሲገባ ይቺን ጥያቄ ይዞ ነው የገባው፣ የራሱን ስራ ለማረም አላፈረም። ከኋላ የተሰለፈውን ለመምታት አየር ኃይሉንም ማሳመን ነበረበት፣ የአየር ኃይሉ ታክቲክ ዕዝ ደግሞ እዛው ሃምፕተን ጎረቤቱ ነበር። የአዲሱን ማኑዋል ጽሁፍ የጦሩ ትምህርት ቤት ባለበት ሌቨንወርዝ የነበሩ ሌተናል ኮሎኔሎች ናቸው የሰሩት፣ ዋስ ደ ዘጌና ሆልደር። ማኑዋሉ በ1982 ሲወጣ ስታሪ ከትራዶክ ከለቀቀ ዓመት አልፎት ነበር፣ ሀሳቡ ግን ሰው ውስጥ ስለገባ ቀጠለ።

እኔ ራሴ እዚህ ጦር ውስጥ 6 ዓመት አገልግያለሁ። አንድ የሻለቃ አዛዥ ነበረን፣ ልምምድ ባለቀ ቁጥር ሀምቪ ኮፈን ላይ ካርታ ዘርግቶ ለምን በዚ በኩል እንደገባን እኛን ሳጅኖቹን እየጠየቀ ከማኑዋሉ ጋር ያገናኝልን ነበር። እሱን የተካው ግን ማኑዋል ሲል ሰምቼው አላውቅም፣ በወሩ እኛም መክፈት ተውን።

የሻምበሉ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሳጅን። በስታሪና በአየር ኃይሉ ነው የምጀምረው፣ የሻለቃ አዛዦቹንም ላስገባቸው ነው፣ እኔ እስካሁን ጄኔራሉ ጋ ብቻ ቆሜ ነበር።