ከአገር ቤት የመጡ ወላጆቻችንን ይዘን ኒውዮርክ፦ የጉዞ ፕሮፖዛል፣ ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦
ሰላም የማኅበራችን አባላት እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ አንስቼው ሰዓት ስላለቀብን ሳንነጋገርበት የቀረው ነገር ነው። ዘንድሮ ወላጆቻቸው ለጥየቃ የመጡላቸው አባላት ብዙ ነን፣ እኔ የቆጠርኩት ብቻ 11 ቤት አለ። እኛ በሁለት ሺፍት ስንሮጥ እነሱ ሂተር አጠገብ ቁጭ ብለው መስኮት እያዩ ይውላሉ። አባቴ ባለፈው «ኅዳርና ታኅሣሥ እኮ በጋ ነው፣ እዚህ አገር ፀሐይዋን የት አደረሷት» አለኝ፣ አንጀቴን በላው። እና ከተማው በመብራት በሚያጌጥበት ሰሞን አንድ ላይ ባስ ተከራይተን ኒውዮርክ እንውሰዳቸው ነው የምለው።

ለምን አንድ ላይ ካላችሁ፣ አምና እናቴን ለብቻዬ ይዣት ሄጄ ነበር። የፈረንጅ ገና ሊደርስ ሲል ባለው ቅዳሜ ማታ ሮክፌለር ሴንተር በየዓመቱ የሚቆመው ትልቁ የገና ዛፍ ጋ። ከባቡር ወርደን እዚያ እስክንደርስ አንድ ሰዓት ፈጀብን፣ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ሽንት ቤት ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ስንል መጨረሻ ላይ እናቴ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ አለችና «ልጄ የሰው ጀርባ አይቼ ልመለስ ነው» አለችኝ። ዛፉን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነው ያሳየኋት። እስካሁን ይቆጨኛል። የወጣት ፕሮግራም ይዤ ነው ሽማግሌ ይዤ የወጣሁት። ስለዚህ የኔ ሐሳብ አንድ ነው፣ ፕሮግራሙ በነሱ እግር ይለካ። ቦታው ትንሽ ይሁን፣ በየመሃሉ ሞቅ ያለ ቤት፣ መቀመጫና ሽንት ቤት ይኑር።

የመንትዮቹ እናት፦
ተባረክ ወንድሜ፣ እኔም እናቴ ከመጣች 3 ወሯ ነው ከቤተክርስቲያንና ከኮስትኮ ውጪ የትም አልወሰድኳትም። ዲሴምበር 12 እና 13 ቅዳሜና እሁድ ብናደርገው? ያን ሰሞን ኦፍ አለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ፣ ግን ሆቴል ነው ወጪውን የሚያበዛው። ሌሊት ተነስተን ማታ ብንመለስስ? ለአንድ ሰው ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል።

ባስ ነጂው፦
እኔ ሥራዬ የቱሪስት ባስ መንዳት ስለሆነ ይሄን ልንገራችሁ። ከዚህ ከዲሲ አካባቢ ኒውዮርክ ወደ 225 ማይል ነው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ ሽማግሌ ይዘህ በየመንገዱ ቆመህ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ደርሶ መልስ ስትለው 10 ሰዓት ሞላ። የፌዴራሉ ሕግ ሰው የጫነ ሹፌር ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል፣ ሥራ ከገባ 15 ሰዓት ካለፈው ደግሞ መሪ መንካት የለበትም። ስለዚህ በአንድ ቀን እንመልሳችኋለን የሚል ኩባንያ ካገኛችሁ ወይ ሁለት ሹፌር ይመድባል ወይ ሕግ ይጥሳል፣ ሁለተኛውን ወላጆቻችንን ጭነን አንሞክረውም። ማደር ግድ ነው። ሆቴሉን ማንሃተን ውስጥ አትፈልጉ፣ ወንዙን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ በኩል ርካሽ ነው፣ ለባሱም ማቆሚያ አለው።

እትዬ (አሌክሳንድሪያ)፦
ልጆቼ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ዲሴምበር 12 ያላችሁት ታኅሣሥ 3 እኮ ነው፣ በዓታ ለማርያም። እናቶቻችሁ ያን ቀን ከቤተክርስቲያን ቀርተው ባስ ላይ አይወጡም፣ ቢወጡም ልባቸው አይሄድም። ሌላ ቀን ፈልጉ።

የመንትዮቹ እናት፦
ውይ እትዬ እውነትዎን ነው፣ እናቴም ልክ ስነግራት እንደዚያው ነው ያለችኝ 🙏 እንግዲያው 19 እና 20?

ብሮንክስ የኖረው፦
19 እና 20 አይሆንም። እኔ ኒውዮርክ 9 ዓመት ኖሬያለሁ፣ የፈረንጅ ገና ሊገባ ሲል ያለችው ቅዳሜና እሁድ ከሁሉም የባሰች ናት፣ ጸሐፊያችን አምና ያየው ያንን ነው። ዲሴምበር 5 እና 6 እንሂድ፣ በኛ ኅዳር 26 እና 27 ነው። ዛፉ የሚበራው ከታንክስጊቪንግ (ከአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) በኋላ ባለው ረቡዕ ስለሆነ ያን ጊዜ በርቶ ነው የምናገኘው፣ ብርዱም ገና አልበረታም፣ ሆቴሉም እንደዚያ አልተወደደም።

ደግሞ ስለ ዛፉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሁሉም ሰው ማታ ነው የሚሄደው፣ ግን መብራቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት (በፈረንጅ ከጠዋቱ 5) ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል። ሌሊት 11 ተኩል ላይ እዚያ ብትገኙ ከጽዳት ሠራተኛና ውሻ ከሚያንሸራሽር ሰው በቀር ማንም የለም፣ ገና ጨለማ ነው፣ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ሌሊት ሺፍት ጨርሼ ስመለስ በዚያ በኩል ነበር የማልፈው፣ ብቻዬን ከሥሩ ቆሜ ወደ ላይ ያየሁበት ቀን አለ፣ ያን ዛፍ እንደዚያ ያየው ሰው ብዙ አይመስለኝም። ወላጆቻችን ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ለኪዳንና ለማኅሌት በሌሊት የተነሱ ሰዎች ናቸው፣ ለነሱ 10 ሰዓት መነሳት ከባድ ነገር አይደለም፣ የሚከብደው ለኛ ነው።

ጸሐፊ፦
ይሄ በፍጹም አልመጣልኝም ነበር። እናቴ ሁልጊዜ 10 ሰዓት ላይ ነቅታ ጸሎት እያደረሰች ነው የምትቆየኝ። በቃ ይሄ ገብቷል።

ኮሌጅ ተማሪ፦
እኔ እንኳን ሐሳቤ ለፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማ ታይምስ ስኩዌር እኩለ ሌሊት ላይ የመብራቱ ኳስ ሲወርድ እንይ ነበር፣ ከ1907 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ግን ከቀትር በኋላ ጀምሮ አጥር ውስጥ መቆም አለ፣ ሽንት ቤት የለም፣ ቦርሳ አይገባም ሲባል ሰምቼ ተውኩት። ቢያንስ ቅዳሜ ማታ ወጣቶቹ ለብቻችን ብንወጣስ? ብሩክሊን ዳይከር ሃይትስ የሚባል ሰፈር ሰዎች ቤታቸውን በመብራት ያስጌጣሉ፣ በዲ ባቡር ይደረሳል።

ባስ ነጂው፦
ወጣቶቹ ይሂዱ ምንም አይደል፣ ግን በባቡር። ያ ሰፈር ጠባብ ነው በትልቅ ባስ አይገባም። ባቡሩ ለአንድ ሰው 3 ዶላር ነው፣ ካርድ መግዛት የለም ባንክ ካርዳችሁን ወይ ስልካችሁን ነክታችሁ ትገባላችሁ።

የመንትዮቹ እናት፦
የኔዎቹ የበረዶ መንሸራተት ካላየን እያሉ ነው።

ኮሌጅ ተማሪ፦
ብራያንት ፓርክ 42ኛው ጎዳና ላይ፣ መግቢያው ነፃ ነው ጫማውን ነው የምንከራየው። ልጆቹን እኔና እህቴ እንይዛቸዋለን አንቺ ከእማማ ጋር ሆቴል እረፊ።

ነርሷ፦
እሺ እኔ ደግሞ የሚያስጨንቀኝን ልናገር። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ወላጆች አሉን፣ መድኃኒታቸውን በእጅ ቦርሳ ነው የሚይዙት፣ ባሱ ሆድ ውስጥ አይጫን። ሁለተኛ ባቡር አታስቡ፣ ብዙዎቹ ጣቢያዎች አሳንሰር የላቸውም፣ ደረጃው ደግሞ ቀጥ ያለና እርጥብ ነው። የከተማው አውቶቡስ ግን ለአዛውንት ጎንበስ ይልላቸዋል፣ ዊልቸርም ያስገባል። ሦስተኛ እያንዳንዳቸው ኪስ ውስጥ ስማቸው፣ የልጃቸው ስልክና የሆቴሉ አድራሻ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው በዚያ ሕዝብ መሃል ሁለት ደቂቃ ከተለየን ምን ብሎ ይጠይቃል? ልብስ ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ አይበቃም፣ ሁለት ካልሲ፣ ከሥር ታይት፣ ጓንት፣ ነፋሱ በሕንፃዎቹ መሃል እየተወነጨፈ ነው የሚመጣው። ጋቢ ይዘው ከመጡ ባስ ውስጥ ይጠቅማል።

ገንዘብ ያዥ፦
ጾሙስ? ኅዳር 15 ይገባል፣ ምን እናበላቸዋለን። እናቴ እስከ 9 ሰዓት አትቀምስም።

እትዬ (አሌክሳንድሪያ)፦
የባሱን ስንቅ ለኔ ተዉት። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ የጾም ፍርፍር በየሳህኑ፣ ሻይ በፔርሙስ። ከመንገድ የሚገዛውን ዳቦ ምናምን ቅቤ ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል።

የፎልስ ቸርቹ ወንድም፦
እኔና አባቴ ሙስሊም ነን፣ የጾም ምግቡ ለኛም ይስማማናል እትዬ እናመሰግናለን፣ ከመቆሚያዎቹ አንዱ ላይ ለሶላት 10 ደቂቃ ብትጨምሩልን ብቻ ይበቃናል። ሌላው፣ ስታተን አይላንድ ፌሪን ለምን አታስገቡም? ነፃ ነው፣ 25 ደቂቃ ነው፣ ውስጡ ሙቅ ነው መቀመጫና ሽንት ቤት አለው፣ ሲሄድ በቀኝ በኩል ከተቀመጡ የነጻነት ሐውልቱን ቁጭ ብለው ያዩታል። እዚያ ማዶ ወርዶ እንደገና መሳፈር አለ፣ ያ ብቻ ነው እግር የሚያንቀሳቅሰው። አባቴ መርከብ ተሳፍሮ አያውቅም።

ብሮንክስ የኖረው፦
በጣም ጥሩ። እኔ ደግሞ ሃርለም ይግባ ባይ ነኝ። 138ኛው ጎዳና ላይ አቢሲንያን ባፕቲስት ቸርች አለ፣ በ1808 የተመሠረተ፣ ጥቁሮችን ለብቻ ማስቀመጥ እምቢ ብለው ከነጮቹ ቤተክርስቲያን የወጡ ሰዎች ያቆሙት፣ ከመሥራቾቹ ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩበት ተብሎ ነው ታሪኩ የሚነገረው፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ጃንሆይ በ1954 (በፈረንጅ) አሜሪካ ሲመጡ እዚያ ሄደው መስቀል ሰጥተዋል። የነገርኳቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ዓይናቸው ነው የሚበራው። መግባት አያስፈልግም፣ ባሱ ይቁምና ደጁን ይዩት ታሪኩን እኔ እነግራቸዋለሁ። ሃርለም ውስጥ የአበሻ ምግብ ቤትም አለ፣ 9 ሰዓት ላይ የጾም በያይነቱ እዚያ።

እትዬ (አሌክሳንድሪያ)፦
እሁድ ቅዳሴስ?

ጸሐፊ፦
እሱን እኔም እያሰብኩ ነበር እትዬ።

ብሮንክስ የኖረው፦
ብሮንክስ ውስጥ ቅድስት ሥላሴ የኛው ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን አለች። ዛፉን በሌሊት አይተን ከዚያ ቀጥታ ወደ ቅዳሴ። ያለሁበት ጊዜ ከጃማይካና ከካሪቢያን የመጡ ምእመናን ብዙ ነበሩ፣ ነጠላ ለብሰው ሲያስቀድሱ ወላጆቻችን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል። የሚጀመርበትን ሰዓት ደውዬ አረጋግጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ኧረ ይሄማ ሌላ ነገር ሆነ። እናቴ «መብራት ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ?» ስትለኝ ነበር፣ ቅዳሴውን ስነግራት ነጠላዋን ማጠብ ጀመረች።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ እስካሁን የተባለውን አንድ ላይ ላስቀምጠው፣ ለኮሚቴው የሚገባው ይሄ ነው። ሰዓቱን በሙሉ በአበሻ ነው የምጽፈው። ቅዳሜ ኅዳር 26 ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሲልቨር ስፕሪንግ እንነሳለን፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ እንቆማለን፣ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ፌሪው ጋ እንደርሳለን፣ ደርሶ መልሱ ወደ 8 ሰዓት ያደርሰናል። ከዚያ ሃርለም አቢሲንያን ደጅ ቆመን 9 ሰዓት ላይ ምሳ። ሲመሽ ባሱ በአምስተኛ ጎዳና በኩል ሱቆቹን እያሳየ ወደ ሆቴል ይሂድ፣ ትላልቆቹ ይረፉ፣ ወጣቶቹና መንትዮቹ ብራያንት ፓርክ። እሁድ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ከሆቴል፣ 11 ተኩል ዛፉ ጋ፣ ከዚያ ብሮንክስ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ያዘጋጁት ስንቅ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ግራንድ ሴንትራልንና ሙዚየሞቹን አውጥቻቸዋለሁ፣ ቅር ያለው ካለ ይናገር።

ባስ ነጂው፦
አንድ ማረሚያ። ኒውዮርክ ውስጥ ሞተር እያስነሱ ከ3 ደቂቃ በላይ መቆም ያስቀጣል፣ ዛፉ አካባቢም የሚዘጋ መንገድ ይኖራል። ባሱ አውርዶ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ 40 ደቂቃ ብቻ ያዙ፣ ብርድ የበዛበት ካለ ፊት ለፊት ሴንት ፓትሪክ ካቴድራል አለ፣ በጊዜ ከከፈቱ ገብቶ መቀመጥ ይቻላል።

ደግሞ ቅዳሜ ማታ ለሹፌሩ እረፍት ያስፈልገዋል፣ ማታ ቆይቶ ገብቶ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል መሪ መያዝ አይችልም፣ በመሃሉ 8 ሰዓት ማረፍ አለበት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ባሱ መቆም አለበት ብላችሁ ጻፉት።

ጸሐፊ፦
ገባኝ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሆቴል ገብተናል ብዬ አስተካክላለሁ።

ነርሷ፦
ዛፉ ሥር ቆመን ምን እንደምንነግራቸው ደግሞ ይታሰብ። እኔ ደስ የሚለኝ በ1931 ኢኮኖሚው ወድቆ ሥራ በጠፋበት ዘመን ሕንፃውን ይሠሩ የነበሩት የቀን ሠራተኞች ከኪሳቸው አዋጥተው የመጀመሪያውን ዛፍ እንዳቆሙት ነው፣ ጌጡንም ቤተሰቦቻቸው በእጃቸው ሠሩለት። አባቴ ግንበኛ ነበር፣ ይሄን እኔ ራሴ ነው የምነግረው።

ገንዘብ ያዥ፦
ባሱ 56 ወንበር ነው። ከሦስት ኩባንያ ዋጋ ጠይቄ እስከ ሐሙስ እለጥፋለሁ። ለወላጆች የሚከፈለውን ግማሹን ከማኅበሩ ካዝና እንሸፍን የሚለውን ኮሚቴው ይወስን፣ እኔ እደግፋለሁ። ስም የምታስመዘግቡ ስንት ሰው፣ ዊልቸር ያለው፣ ደረጃ የማይወጣ፣ ብላችሁ ጻፉ።

የመንትዮቹ እናት፦
እኛ 5 ነን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ የፊት ወንበር ያዙላት። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ፣ ልጃቸው የማኅበሩ አባል አይደለም ሌሊት ነው የሚሠራው፣ እሳቸውን ብናካትታቸው?

እትዬ (አሌክሳንድሪያ)፦
ከኔ ጎን ይቀመጡ። የሳቸውን ስንቅ ጨምሬ እቋጥራለሁ።