የመረብና የቀለበት ቆጠራ አልገጥም ስላለኝ የፌንጣ ጥናት

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ አካባቢ የሚገኙትን የፌንጣ ዝርያዎች መዝግቤ ሰብል አጥፊዎቹን ለመለየት እየሠራሁ ነው። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ነፋስ ጋብ ሲል፣ በየቦታው ሣሩን 100 ጊዜ በመረብ እጠርጋለሁ፤ ጎን ለጎን 0.1 ካሬ ሜትር ስፋት ባላቸው 40 የሽቦ ቀለበቶች ውስጥ ያሉትን እቆጥራለሁ።

ሁለቱ ውጤቶች አይገጥሙም። በመረቡ የሚበዙት ሣር ላይ የሚኖሩት ቀጫጭኖቹ ናቸው። እንደ ኦዳሌዎስ ሴኔጋሌንሲስ (የሴኔጋል ፌንጣ) ያሉ፣ ገላጣ መሬት ላይ የሚያርፉት አጥፊዎች ግን መረቡ ሳይደርስባቸው ዘለው ያመልጣሉ። አንዱ በስፋት፣ ሌላው በጠረጋ ብዛት የሚለካ ስለሆነ ቁጥሮቹን ደምሮ አንድ የሻነን የብዝኃነት መለኪያ (የዝርያዎችን ብዛትና ስብጥር በአንድ ቁጥር የሚገልጽ) ማውጣት ትክክል አይመስለኝም። ለጥግግት (በካሬ ሜትር ስንት ፌንጣ እንዳለ) ቀለበቱን ብቻ፣ ለዝርያ ዝርዝር ሁለቱንም ብጠቀም ያስኬዳል?

የባሰው ኩብኩባው፣ ማለትም ክንፉ ገና ያላደገው ግልገል ፌንጣ ነው። ክንፈ አጭር ከሆነው ጎልማሳ መለየቱ አያስቸግርም፤ በትልልቆቹ ኩብኩባዎች የኋላው የክንፍ እምቡጥ የፊተኛውን ይሸፍናል፣ በጎልማሳው ግን የፊተኛው ክንፍ ከላይ ነው። ዝርያውን ነው ማወቅ ያቃተኝ። በወንፊት ሳጥን አሳድጎ ጎልማሳ እስኪሆን ከመጠበቅ ሌላ አስተማማኝ መንገድ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ካልተቻለስ በወገን (ከዝርያ በላይ ባለው ምድብ) ደረጃ ብቻ ልመዝግበው ወይስ ከስሌቱ ላውጣው?