ስፈጥን ነጥብ ይጠፋል፣ ስረጋ ሰዓት ይሄዳል፦ በተግባራዊ የሽጉጥ ተኩስ ውድድር ምን ላስተካክል?

የእሑድ ተኳሽ (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት በወር አንድ እሑድ፣ ሲመቸኝም ሁለት፣ በአካባቢዬ ክለብ በሚካሄደው የዩኤስፒኤስኤ (የአሜሪካ ተግባራዊ ተኩስ ማኅበር) ውድድር እሳተፋለሁ። የምወዳደረው በካሪ ኦፕቲክስ ዘርፍ፣ ሬድ ዶት (ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) በተገጠመለት ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ስለሆነ ነጥቤ ሁልጊዜ በማይነር፣ ማለትም ለአነስተኛ ኃይል ጥይት በተመደበው አቆጣጠር ይቆጠራል። የተወዳዳሪነት ደረጃዬ ሲ ነው፤ ውጤቴ ከምርጦቹ ውጤት 50 በመቶ አካባቢ ላይ ከቆመ ዓመት ሊሞላው ነው።

ችግሬን በምሳሌ ላስረዳ። ባለፈው ወር በልምምድ ሜዳ ኤል ፕሬዚደንቴ የሚባለውን ፈተና ደጋግሜ ተኮስኩ። ለማያውቀው አንባቢ፦ ሦስት የካርቶን ኢላማዎች በ10 ያርድ ርቀት ላይ ይቆማሉ፤ ተኳሹ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጆቹን ከትከሻው በላይ አንስቶ ይጠብቃል፤ የታይመሩ ድምፅ ሲሰማ ይዞራል፣ ወደ ኢላማዎቹ ፊቱን ከመለሰ በኋላ ሽጉጡን ይመዛል፣ እያንዳንዱን ኢላማ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ካዝና ይቀይራል፣ እንደገናም ሁለት ሁለት ይመታል። ጠቅላላው 12 ጥይት፣ ሙሉ ነጥቡም 60 ነው።

በአንዱ ሙከራ አቅሜ የፈቀደውን ያህል ፈጠንኩ። ሰዓቱ 9.20 ሰከንድ፣ ምቱ ሰባት ኤ፣ ሦስት ሲ፣ አንድ ዲ፣ አንዱ ጥይት ደግሞ ስቶ ነበር (ኤ የኢላማው መሀል ሆኖ 5 ነጥብ፣ ከሱ ውጭ ያሉት ሲ 3፣ ዲ 1 ነጥብ ያስገኛሉ፤ የሳተ ጥይት 10 ያስቀንሳል)። ነጥቡ 35 ሆኖ ለሰዓቱ ሲካፈል 3.80 መጣ፤ ይህ ቁጥር ሂት ፋክተር ይባላል። በሌላው ሙከራ ተረጋግቼ በ11.00 ሰከንድ 11 ኤ እና አንድ ሲ መታሁ፤ 58 ነጥብ፣ ሂት ፋክተር 5.27። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እውነት ነው ብዬ በሚቀጥለው ውድድር ሁሉንም ስቴጅ (ለየብቻ ሰዓትና ነጥብ የሚያዝበትን የውድድሩን ክፍል) በእርጋታ ተኮስኩ። ከኤ ውጭ ያረፈብኝ ጥይት በጣም ጥቂት ነበር፤ ይሁን እንጂ በባለ 32 ጥይቱ ስቴጅ ላይ ከእኔ ብዙ የሚበልጥ ሲ የመታ ሰው በ10 ሰከንድ ቀድሞኝ በውጤትም በሰፊው በለጠኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ የትኛውን ልያዝ? አስቀድሞ ትክክለኛነትን አጽንቶ ፍጥነት በራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው የሚሻለው ወይስ ፍጥነቱን ገፍቶ ምቱን ኋላ ማረም?

ቆጣሪ (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ከነቁጥሩ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ ቁጥር የሌለው ጥያቄ በዚህ ስፖርት መልስ የለውም። ለበርካታ ዓመታት ታይመር ይዤ ከተኳሾች ኋላ ስቆም የኖርኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገርዎት።

የእኛ ነጥብ ለሰከንድ የሚካፈል ስለሆነ እርጋታም ሆነ ችኮላ ለብቻው ዋጋ የለውም፤ ዋጋውን የሚወስነው ስቴጁ ነው። ሂት ፋክተሩ 5 ገደማ በሆነ ስቴጅ ላይ አንድ ሰከንድ አምስት ነጥብ ያወጣል። በማይነር ሲ ከኤ በሁለት ነጥብ ስለሚያንስ ኪሳራው 0.4 ሰከንድ ነው፤ ዲ በአራት ነጥብ ስለሚያንስ 0.8 ሰከንድ ነው። የሳተ ጥይት ግን ሳይገኝ በቀረው አምስት ነጥብ ላይ የአሥር ነጥብ ቅጣት ተጨምሮበት 15 ነጥብ፣ ማለትም ሙሉ ሦስት ሰከንድ ይበላል። ሂት ፋክተሩ 10 በሆነ ቅርብና ፈጣን ስቴጅ ላይ እነዚህ ሁሉ በግማሽ ይቀንሳሉ፤ ሲ የሚያስከፍልዎት 0.2 ሰከንድ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የጠቀሱት ተረት የሚሠራው በሳተ ጥይት ላይ ነው። አንድን ሲ ወደ ኤ ለመለወጥ ሲሉ ግማሽ ሰከንድ ቆመው የሚያነጣጥሩ ከሆነ ግን ያፈሰሱት ሰዓቱን ነው፤ እሱ ደግሞ አይለቀምም።

ሁለተኛው ነጥብ ከዚህ ይከብዳል። «ፈጠንኩ» ወይም «ተረጋጋሁ» ሲሉ የሚናገሩት ስለ ስሜትዎ ነው፤ እኔ የምጠይቅዎት ግን ጥይቱ ሲወጣ ምን እንዳዩ ነው። ቃታው ሲለቅና ሽጉጡ ሲራገጥ ቀዩ ነጥብ ከኢላማው ከየትኛው ቦታ ላይ እንደተነሳ ካዩ፣ ጥይቱ የት እንዳረፈ ካርቶኑ ጋ ሳይሄዱ ያውቃሉ፤ የሳተውን እዚያው ደግመው ይመታሉ፣ የያዘውን ትተው ይሄዳሉ። በደረት ላይ ያለው የኤ ቀጠና በግምት 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 28 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። በአምስት ያርድ ላይ ነጥቡ በዚያ ሳጥን ውስጥ እንደ ቀይ ጭረት ብልጭ ካለ ይበቃል፤ በ20 ያርድ ላይ ግን ነጥቡ እስኪሰክን መጠበቅና ቃታውን በጥንቃቄ መሳብ ግድ ነው። ዓይን የሚያርፈውም ነጥቡ ላይ ሳይሆን ኢላማው ላይ፣ ያውም ጥይቱ እንዲገባ በሚፈለግበት በአንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሁሉንም ርቀት በአንድ ፍጥነት ይተኩሳል፤ በቅርቡ ጊዜ ይባክንበታል፣ በሩቁ ነጥብ ይባክንበታል።

ከመቀጠላችን በፊት የዚያን የ11 ሰከንድ ሙከራ ዝርዝር ከታይመሩ አውጥተው ይጻፉልን። ታይመሩ እያንዳንዱን ጥይት ለየብቻ ይመዘግባል።

የእሑድ ተኳሽ (ቨርጂኒያ)

ክቡር ወንድሜ፣ እንዳሉት ተመለከትኩት። ዞሬ የመጀመሪያውን ጥይት እስክተኩስ 2.80 ሰከንድ፤ በአንድ ኢላማ ላይ በሁለቱ ጥይቶች መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 0.40፤ ከኢላማ ወደ ኢላማ መሸጋገሪያው በአማካይ 0.60፤ ካዝና ቅየራው 3.40። ሐቁን ለመናገር፣ ይህን ዝርዝር አውጥቼ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከዛሬ የማየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነበር።

የዳላሷ

ወንድሜ፣ መልሱን ራስዎ ጽፈውታል። ስድስቱ ጥንድ ጥይቶች በ0.40 ሲባዙ 2.40 ሰከንድ ነው፤ አራቱ ሽግግሮችም እንዲሁ 2.40። ሽጉጥ መምዘዝና ካዝና መቀየር ግን ሁለቱ ብቻቸውን 6.20 ሰከንድ ወስደዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰዓትዎ አንድም ጥይት በማይተኮስበት ቦታ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። ምዘዛውን ወደ 2.00፣ ቅየራውንም ወደ 2.00 ቢያወርዱ፣ ተኩስዎን በፍጹም ሳይነኩ ሰዓትዎ 8.80 ይሆናል፤ በዚያው 58 ነጥብ 6.59 ያገኛሉ። በችኮላ ከተኮሱት 9.20 እንኳ የፈጠነ ነው፤ የሳተ ጥይትም የለበትም።

ይህን ደግሞ ቤትዎ ውስጥ፣ አንድ ጥይት ሳያቃጥሉ ሊሠሩት ይችላሉ። እኔ ልጆቼ ከተኙ በኋላ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ እሠራለሁ። ሕጉ በእኔ ቤት አይደራደርም፦ እውነተኛ ጥይት ከክፍሉ ወጥቶ ሌላ ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ የሽጉጡ ጥይት መጉረሻ በዓይን ታይቶ በጣትም ተዳስሶ ባዶነቱ ይረጋገጣል፤ አፈሙዙ የሚያርፍበት ግድግዳ ከኋላው ሰው የማይኖርበት ይሆናል፤ ልምምዱ ሲያልቅ «አለቀ» ብዬ ድምፄን አውጥቼ እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ መመለስ የለም።

ለካዝና ቅየራ እኔን የለወጠኝ ሥራውን መቆራረጤ ነው። ሽጉጡን ከፊቴ ሳላርቅ፣ የካዝናው መግቢያ ወደ ቀበቶዬ እንዲያዘነብል አንጓዬን እጠመዝዛለሁ፤ ዓይኔን ከኢላማው አንስቼ ያንን መግቢያ አየዋለሁ፤ ካዝናውን ከቀበቶ አውጥቼ አፉ ላይ አድርሼ እዚያ አቆማለሁ። አላስገባውም። ያንን በ1 ሰከንድ ውስጥ ሳይንቀጠቀጥ መድረስ ከቻልኩ በኋላ ነው ማስገባቱን የምጨምረው። አመልካች ጣቴ በካዝናው ፊት ላይ ተዘርግቶ እንደ መሪ ያገለግለኛል። የቀኝ እጄ አመልካች ጣት በዚህ ሁሉ ጊዜ ከቃታው ጠባቂ ውጭ ነው፤ በቅየራና በእርምጃ ላይ እያሉ ጣት ቃታው ጋ ከተገኘ ዳኛው ከውድድሩ ያሰናብትዎታል።

አንድ የራሴን ስህተት ልጨምር። ለብዙ ወራት ቅየራዬ ሲፈጥን ደስ ብሎኝ ሳለ፣ ከቅየራ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ጥይቴ ሁልጊዜ ወደ ግራ ወጥቶ ሲ ላይ ያርፍ ነበር። ካዝናውን የገፋው ግራ እጄ ወደ ቦታው ሳይመለስ ነበር ቃታውን የምስበው። ስለዚህ ቅየራው ያለቀው ካዝናው ጠቅ ሲል አይደለም፤ ሁለቱም እጆች ሽጉጡን እንደ መጀመሪያው ጨብጠው ነጥቡ ኢላማው ላይ ሲታይ ነው። ታይመሩን የሚያቆሙት እዚያ ላይ ይሁን።

ስቶክሆልም 9 ሚሜ

እኔ የምወዳደረው እዚህ ስዊድን በአይፒኤስሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ማኅበር ሕግ ነው፤ ነጥብን ለሰዓት ማካፈሉ አንድ ስለሆነ ስለ ባለ 32 ጥይቱ ስቴጅ ልናገር፤ ከላይ ያልተነካው እሱ ነው።

በ10 ሰከንድ የቀደመዎት ሰው ሁሉንም ጥንድ ጥይት ከእርስዎ በ0.20 ሰከንድ ቢያፈጥን እንኳ፣ 16 ኢላማ ላይ የሚያተርፈው 3.2 ሰከንድ ብቻ ነው። የቀረው ሰባት ሰከንድ ገደማ ከእግሩ የመጣ ነው። በሚቀጥለው ውድድር ሰው በስልክ ይቅረጽዎትና ይህን ብቻ ይመልከቱ፦ የመጨረሻውን ጥይት ከተኮሱ በኋላ እግርዎ መቼ ተነቃነቀ? ወደ አዲሱ ቦታ ሲደርሱስ ሽጉጡ ዓይንዎ ፊት ነበር ወይስ ቆመው፣ ተረጋግተው፣ ከዚያ ነው ያነሱት? በእኔ ቅጂ ላይ እያንዳንዱ ቦታ ስደርስ እንደ ተማሪ ሰልፍ እግሬን ገጥሜ ስቆም አይቻለሁ። አሁን ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ሽጉጡ ከፊቴ ነው፤ ጉልበቴ እንደታጠፈ እገባለሁ፤ የመጀመሪያው ቅርብ ኢላማ እንደታየኝ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልቆም እተኩሳለሁ። ለመውጣትም የመጨረሻው ኢላማ ቅርብ እንዲሆን አስቀድሜ አቅዳለሁ። አፈሙዝ በተኳሹ ግራና ቀኝ ከሚታሰበው የ180 ዲግሪ መስመር ወደ ኋላ እንዳያልፍ ግን በተለይ ወደ ኋላና ወደ ግራ ሲሮጡ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው የሚሰናበተው እዚያ ነው።

«የትኛው ይቅደም» ለሚለው ክርክር ደግሞ ስፖርቱ ራሱ መልስ አለው። አይፒኤስሲ በ1976 በሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ሲመሠረት፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበር፤ ኤል ፕሬዚደንቴንም የፈጠረው እሱ ነው። የማኅበሩ መሪ ቃል የሆኑት ሦስቱ የላቲን ቃላት ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት ማለት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አልተባለም። ኩፐር ራሱ ያስተምር የነበረው ጎንን አዘንብሎ አንዱን ክንድ የሚያጥፈውን የዊቨር አቋም ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተወዳዳሪዎቹ ሮብ ሌታምና ብራያን ኢኖስ ሁለቱንም ክንድ እኩል ዘርግተው፣ አውራ ጣቶቻቸውን ወደ ፊት ቀስረው መተኮስ ሲይዙ ውድድሩ ተለወጠ። ሽጉጡ ከርግጫው በኋላ በራሱ ወደ ቦታው ይመለስላቸው ስለነበር ፍጥነቱና ትክክለኛነቱ ከአንድ ጭብጥ ነበር የሚወጣላቸው። ለእኔ በዚህ ስፖርት ውስጥ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም።

የእሑድ ተኳሽ (ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ እንዳሉት አሥር ቀን በቤት ሠርቻለሁ፤ ቅየራዬ ወደ 2.40 ወርዷል። ነገር ግን አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አየሁ። ግድግዳው ላይ በለጠፍኳት ትንሽ ወረቀት ላይ አነጣጥሬ ቃታውን በዝግታ ስስብ ቀዩ ነጥብ አይነቃነቅም። ታይመሩ ሲጮህ ወዲያው እንድስብ ሳደርገው ግን ነጥቡ ወደ ታችና ወደ ግራ ጥርግ ብሎ ይወርዳል፤ ከወረቀቱ ይወጣል። ቀኝ እጅ ነኝ። በ9.20ው ሙከራ ላይ የሳተውም ጥይት የወጣው በዚሁ አቅጣጫ ነበር።

ቆጣሪ (ሜሪላንድ)

የጠየቁት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ እንኳን አገኙት። በዝግታ የተለማመዱት ቃታ አሳሳብ በፍጥነት ጊዜ አብሮዎት አይመጣም፤ ሲፈጥኑ ቀኝ እጅዎ በሙሉ ይጨብጣል፣ አመልካች ጣቱ ብቻ አይደለም የሚንቀሳቀሰው። ስለዚህ ትክክለኛነትን በዝግታ አጽንቶ ፍጥነትን መጠበቅ በእርስዎ ላይ አይሠራም፤ መማር ያለብዎት በፍጥነት ሲሳብ ሽጉጡ እንዳይነቃነቅ ነው፤ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ግራ እጅዎ ከቀኙ ይበልጥ ይጨብጥ። ቀኙ አመልካች ጣት በነፃነት እንዲንቀሳቀስ የሚያስችል ያህል ብቻ ይያዝ። ከዚያ ይህንኑ የወረቀት ልምምድ ያድርጉ፤ ድምፁ ሲሰማ በአንድ ጊዜ ይሳቡ፣ ነጥቡ ከወረቀቱ ካልወጣ አንድ ብለው ይቁጠሩ። ሃያ ተከታታይ እስኪያገኙ ድረስ ሌላ ነገር አይጀምሩ።

ሜዳ ሲወጡ ደግሞ ጓደኛዎ ካዝናዎን ይሙላልዎ፤ በመካከሉ ባሩድ የሌላቸው ሁለት ሦስት የልምምድ ጥይቶች የት እንዳሉ ሳያውቁ ይቀላቅልበት። ያ ጥይት ሲደርስ ሽጉጡ አይራገጥም፤ አፈሙዙ ወደ ታች ከወረደ ያወረዱት እርስዎ ነዎት፤ ጓደኛዎም ያየዋል። መጀመሪያ በሰባት ያርድ ላይ ይሞክሩት፤ ያየውንም እዚህ ይጻፉልን።