ታዳጊ ሲጠረጠር፦ ቃል ከመስጠቱ በፊት ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጅ በስርቆት ተጠርጥሮ ተይዟል። «ቃሉን ሰጥቶ ይውጣ» እየተባልን ነው። ጠበቃ እንጠብቅ?

ምላሽ 1፦ ጠብቁ። «እመንና ወደ ቤትህ ትሄዳለህ» ሲባል ልጅ ያላደረገውንም ያምናል፤ የሚታየው የዛሬው መውጫ እንጂ የነገው ክስ አይደለም። ስሙንና ዕድሜውን ተናግሮ «ጠበቃ ሳይኖር ቃል አልሰጥም» ይበል። ያልገባውን ወረቀት አይፈርም። ወላጅ አጠገቡ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ጠበቃን ግን አይተካም፤ እንዲያውም «እውነቱን አውጣ» እያለ የሚጫነው ብዙ ጊዜ ወላጁ ነው።

ምላሽ 2፦ የልደት ምስክር ወረቀቱን ዛሬውኑ ውሰዱ። ከሌለ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ይረዳል። በአብዛኛው የሚታየው ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን የነበረው ዕድሜ ነው። ዕድሜው ካልተረጋገጠ ከአዋቂዎች ጋር ሊታሰር ይችላል። የ1989ኙ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 37 ግን ለልጁ ጥቅም ካልሆነ በቀር ተለይቶ እንዲያዝ ያዛል፤ እስርም የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ጊዜው እንዲያጥር ይላል። ጠበቃው ይህን ይጥቀስ።

ምላሽ 3፦ የካሜራ ምስል ካለ በላዩ ላይ ሌላ ሳይቀረጽበት እንዲቀመጥ ጠበቃው በጽሑፍ ይጠይቅ። ከልጁ ስልክ ምንም አታጥፉ። ከተበዳዩ ጋርም በራሳችሁ አትደራደሩ፣ ምስክር ማባበል ተብሎ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ዕርቅ ከታሰበ በጠበቃው በኩል ይሁን።