ክርክር፦ በቻይና ከተሞች የውጭ ሰውን መንገድ ለመንገድ እየተከተሉ የሚወተውቱ ደላሎች ይከልከሉ ወይስ ይተዉ?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄያችን በቻይና ለትምህርት፣ ለንግድ ወይም ለጉብኝት የቆየ የውጭ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በሻንጋይ ከሕዝብ አደባባይ ተነስቶ በናንጂንግ መንገድ ወደ ወንዙ ዳርቻ ወደ ቡንድ የሚያቀና ሰው መልኩ የቻይናዊ ካልሆነ ብቻውን መሄድ ይቸግረዋል። አንዱ የሰዓትና የቦርሳ ፎቶግራፍ የታተመበት ካርድ ይዞ ይከተለዋል፤ ሌላው ማሳጅ ቤት ልውሰድህ ይለዋል፤ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፉ ወጣቶች ደግሞ ፎቶ እንዲያነሳቸው ከጠየቁት በኋላ አብሯቸው ሻይ እንዲቀምስ ይጋብዙታል። በቤጂንግ በዋንግፉጂንግና በቲያንአንመን አካባቢ ሻዩ በሥዕል ዐውደ ርዕይ ይተካል፤ ጋባዦቹም የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ነን ይላሉ። በሸንዠን ከሆንግ ኮንግ ድንበር አጠገብ ባለው የሉዎሁ የገበያ ሕንፃም ተመሳሳይ ጉትጎታ አለ። እንግዲህ የከተሞቹ አስተዳደሮች ውትወታውን ራሱን ከልክለው ደላሎቹን ከጎዳና ያንሱ ወይስ ነገሩን ለመንገደኛው ይተዉት? ስለ ቻይናውያን ጠባይ በጅምላ የሚሰነዘር አስተያየት ከጥያቄው ውጭ በመሆኑ አላስተናግድም፤ በቱሪስት ቦታዎች ላይ በደላሎች የሚማረሩት ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጡ ቻይናውያን ጎብኚዎች ጭምር መሆናቸውንም አስታውሳለሁ።

የሻንጋይ ተማሪ፦
እኔ ይከልከሉ ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም የምቾት ጉዳይ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ደንበኛ የሚመርጡት በመልክ ነው። አብራኝ የምትሄደውን ቻይናዊት የክፍል ጓደኛዬን አልፈው እኔን ይይዙኛል፤ አልፈልግም ስላቸው መልሴን የድርድር መጀመሪያ አድርገው ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ዝም ስላቸው ደግሞ እስከሚቀጥለው መስቀለኛ መንገድ ይከተሉኛል። በምሽት ብቻዋን የምትሄድ ሴት ከኋላዋ የሚመጣው ሰው ሰዓት ሻጭ ይሁን ሌላ በምን ታውቃለች? ደግሞም የቻይና ሕግ መርሁን አስቀድሞ ተቀብሎታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ላይ የዋለው የሕዝብ ጸጥታ አስተዳደር ቅጣት ሕግ፣ እስከ 2025 መጨረሻ በነበረው ይዘቱ፣ ሰው ላይ ደጋግሞ እየተጣበቀ የሚለምንን የኔ ብጤ በማስጠንቀቂያ ወይም እስከ 5 ቀን በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር፤ በአደባባይ ለዝሙት ደንበኛ የሚጠራም እስከ 5 ቀን እንዲታሰር ወይም እስከ 500 ዩዋን እንዲቀጣ ይል ነበር። ለዕለት ጉርሱ የሚለምን ሰው ደጋግሞ በመጠየቁ ከታሰረ ለኮሚሽን ብሎ የሚወተውተው ደላላ ምን የተለየ መብት አለው?

የጓንግዡ ነጋዴ፦
ልጄ የተናገረችው ስለ ሻንጋይ ከሆነ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የምኖረው ጓንግዡ ሺያኦቤይ ነው፤ እዚህ ደላላ ማለት ሌላ ነገር ነው። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በፀደይና በመኸር የሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርዒት ሲከፈት በየሆቴሉና በየሕንፃው በር ካርድ የሚያድሉ ሰዎች ይሰለፋሉ፤ የካርጎ፣ የመጋዘን፣ የአስተርጓሚ፣ የፋብሪካ አገናኝ ካርድ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ መጥቶ ቋንቋውን ሳያውቅ ሻንጣውን እየጎተተ የሚወርድ አዲስ ነጋዴ የመጀመሪያውን አቅራቢ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ሰዎች አማካይነት ነው። አሰልቺ መሆናቸውን አልክድም። ሆኖም መርካቶ ያደገ ሰው በደላላ ብዛት መደንገጡ ራሱ ይገርመኛል።

ዋናው ስጋቴ ግን ሌላ ነው። እናንተ ጎዳናው ይጽዳልን ስትሉ ጎዳናው ላይ የሚሰማራው ማን እንደሆነ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የመግቢያና መውጫ አስተዳደር ሕግ ዕድሜው 16 የሞላ የውጭ ዜጋ ሁሉ ፓስፖርቱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ያስገድዳል። በ2009 አንድ ናይጄሪያዊ ከፓስፖርት ፍተሻ ለማምለጥ ከሕንፃ ዘሎ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ ብዙ አፍሪካውያን በፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ተሰብስበው ተቃውሞ ያሰሙት በዚሁ ከተማ ነው። በሚያዝያ 2020 በወረርሽኙ ሰበብ አፍሪካውያን ከኪራይ ቤታቸውና ከሆቴል ተባርረው መንገድ ዳር ያደሩትም እዚሁ ነው። ተጨማሪ ዘብ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው ደላላው ሳይሆን ጥቁሩ ነው፤ ደላላው በመልኩ ከሕዝቡ ጋር ይቀላቀላል፣ እኔ አልቀላቀልም።

የሻንጋይ ተማሪ፦
ጋሼ፣ የሚሉት ስለ ፖሊስ አሠራር እንጂ ስለ ደላሎቹ አይደለም። ፍተሻው አድሏዊ ከሆነ ፍተሻው ይታረም፤ እኔን የሚከተለኝ ሰው ግን በዚህ ምክንያት መፈቀድ የለበትም። በንግድ ትርዒት በር ቆሞ ካርድ የሚሰጥንና መንገድ ላይ የሚከታተልን ሰው አንድ ማድረግዎም ልክ አይመስለኝም፤ የመጀመሪያው ቦታው ላይ ይቀራል፣ ሁለተኛው ከእኔ ጋር ይሄዳል።

አወያይ፦
ይህ ልዩነት ጠቃሚ ስለሆነ ተሳታፊዎች እንዲይዙት እፈልጋለሁ። በበር ላይ የሚደረገውን ጥሪ ለጊዜው እንተወውና በመከታተሉ ላይ እንቆይ።

የቤጂንግ ነዋሪ፦
ክልከላ ይሠራል አይሠራም ከማለታችን በፊት ሰዎቹ ለምን መንገድ ላይ እንደሚያድኑ መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል። ፍራፍሬ ወይም ካልሲ የሚሸጥ ሰው ዕቃውን አንጥፎ ይጠብቃል እንጂ ማንንም አይከተልም፤ የሚከተለው ዕቃውን በአደባባይ ማሳየት የማይችለው ነው። ናንጂንግ መንገድ ላይ በፎቶ የሚታየው ቦርሳ ፎርጂድ በመሆኑ መደርደሪያ ላይ አይወጣም፤ ደንበኛው ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ በር ተከፍቶለት ማየት አለበት፤ ይህን ጉዞ ደግሞ ማንም በገዛ ፈቃዱ ስለማይጀምረው አሳማኝ ያስፈልጋል። ደላላው የተፈጠረው በዚህ ክፍተት ነው።

የሻንጋይን ታሪክ ተመልከቱ። በከተማው መሃል የነበረው የሺያንግያንግ ገበያ የፎርጂድ መናኸሪያ ተብሎ በሰኔ 2006 መጨረሻ ተዘጋ። ሻጮቹ ግን ሥራ አልቀየሩም፤ ብዙዎቹ በፑዶንግ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም የምድር ባቡር ጣቢያ ሥር ወዳለው ገበያ ወረዱ፣ ሌሎቹም በየመኖሪያ ቤቱ ተበታተኑ። ፎርጂዱ በአንድ ገበያ ተሰብስቦ በነበረ ጊዜ ፈላጊው በእግሩ ሄዶ ያገኘው ነበር፤ ከተበታተነ በኋላ ግን ደላላ የሌለው ሻጭ ገዢ አያገኝም። ስለዚህ አንዱን ክልከላ በሌላ ክልከላ እናስተካክል የሚለው ሐሳብ አያሳምነኝም።

ሌላም ነገር አለ፤ በጎዳና ላይ ሥርዓት የሚያስከብሩት ቼንግጓን የሚባሉት የከተማ ደንብ አስከባሪዎች ፖሊስ ስላልሆኑ ሰው የማሰር ሥልጣን የላቸውም፤ ጉልበታቸው ዕቃ መውረስና መቅጣት ነው። ከአሮጊቷ ላይ የካልሲ ዘንቢሏን መውሰድ ይቻላል። አንዲት ካርድ በኪሱ ከያዘው ደላላ ላይ ምን ይወረሳል? ዘመቻ በመጣ ቁጥር የሚጎዳው ማንንም ያላስቸገረው ሻጭ ነው፤ ደላላው ለሁለት ሰዓት ገለል ብሎ ይመለሳል።

የዉሃን ተማሪ፦
እኔ ገና አዲስ ነኝና ከክርክሩ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰው ሰላም ብሎኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩበትም፤ ያሳደጉን ሰዎች ሰላምታ አለመመለስ ነውር ነው ብለው ነው። ቀደም ብለው እዚህ የመጡት ግን ሁሉም ዝም ብለህ እለፍ ይሉኛል። ቋንቋ ልለማመድ ብሎ በቅንነት የቀረበኝን ተማሪ እንዴት ከአጭበርባሪው እለያለሁ?

የሻንጋይ ተማሪ፦
ቦታውን ተመልከት፣ ወንድሜ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወይም ባቡር ላይ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ካነጋገረህ ተጫወት፤ ከቅኖቹ ጋር ጥሩ ወዳጅነት ይፈጠራል። በቱሪስት ጎዳና ላይ ከኋላህ ደርሶ የት አገር ነህ፣ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው፣ ብቻህን ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ ግን አዲስና ብቸኛ መሆንህን እያረጋገጠ ነው። ሰላምታውን እየሄድክ መልስ፤ አትቁም። ወዴት እንደምትሄዱ እሱ ከመረጠ አትከተል፤ ቅን ሰው ከሆነ አንተ የምታውቀው ካፌ ሲጋበዝ ደስ ይለዋል፣ ሌላው ግን የተወሰነው ሻይ ቤት ካልሆነ አይሆንለትም።

የሕግ ባለሙያ፦
እህታችን የሰጠችው ምክር ወደ ዋናው ነጥብ ያደርሰናል። እስካሁን ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን በአንድ ስም ስንጠራ ቆይተናል። ካርዱን ይዞ የሚከተለው ሰው ያሰለቻል እንጂ በአብዛኛው ገንዘብ አያስወስድም፤ አልገዛም ያለ ሰው ከነገንዘቡ ቤቱ ይገባል። ከባዱን ጉዳት የሚያደርሱት ግን የማይወተውቱት፣ ትሑቶቹና ተጫዋቾቹ ናቸው። ሻይ ቤት ውስጥ በትናንሽ ስኒ አምስት ስድስት ዓይነት ሻይ ይቀመሳል፤ ሒሳቡ ሲመጣ የአንድ ሰው ድርሻ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ዩዋን ይሆናል፤ ጋባዦቹም ድርሻችንን እኛ እንከፍላለን ብለው ካርዳቸውን ስለሚያወጡ እንግዳው ለመከራከር ያፍራል። ውትወታ የሚከለክል ሕግ እነዚህን ጨርሶ አይነካቸውም፤ አንድ ጊዜ በትሕትና ጠየቁ እንጂ አልተከተሉም።

ለእነዚህ የሚሆን ሕግ ግን አለ። ተማሪዋ የጠቀሰችው የ2006 ሕግ ራሱ፣ እስከ 2025 መጨረሻ በነበረው ይዘቱ፣ በግድ መሸጥንና በግድ አገልግሎት መስጠትን ከ5 እስከ 10 ቀን በሚደርስ እስራትና ከ200 እስከ 500 ዩዋን በሚሆን መቀጮ እንዲቀጣ፣ ቀላል ሲሆን ቅጣቱ እንዲቃለል ደንግጎ ነበር። ችግሩ ማስረጃ ነው፤ ቤቱ ዋጋው በዝርዝር ላይ ተጽፎ ነበር ካለ ፖሊስ ጉዳዩን የሸማችና የነጋዴ ጠብ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ተበዳዩ ደረሰኙን ይዞ፣ የቤቱን በር ፎቶ አንስቶ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ፖሊስ ቁጥር 110 ቢደውል ይሻላል፤ የሸማቾች አቤቱታ የሚቀበለው መስመር ደግሞ 12315 ነው።

በእኔ አስተያየት ትክክለኛው ተጠያቂ ጎዳናው ላይ የሚንከራተተው ሰው ሳይሆን ኮሚሽን የሚከፍለው ቤት ነው። ይህ የምኞት ሐሳብ እንዳይመስላችሁ፤ ቻይና ውስጥ ተሞክሯል። በቤጂንግ የቀድሞው የሺዩሹይ፣ ማለትም የሐር ጎዳና ገበያ በ2005 መጀመሪያ ፈርሶ በምትኩ ባለ ፎቅ ሕንፃ ከተከፈተ በኋላ፣ ፕራዳንና ሉዊ ቪቶንን ጨምሮ አምስት ኩባንያዎች ሻጮቹን ብቻ ሳይሆን ሕንፃውን የሚያስተዳድረውን ድርጅት ራሱን ከሰሱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቤጂንግ መካከለኛ ፍርድ ቤት አከራዩ ተጠያቂ ነው ሲል ፈረደ፤ በ2006 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። አከራይ በተከራዩ ፎርጂድ ከተጠየቀ ሻይ ቤትም በላከው ጋባዥ የማይጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የጓንግዡ ነጋዴ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ቢሆንም ከጎዳና ይነሱ የሚለው ቃል እንዲሁ እንዲያልፍ አልፈልግም። ጓንግዡ ይህን ቃል ታውቀዋለች። ሱን ዥጋንግ የተባለ የ27 ዓመት የግራፊክስ ባለሙያ በመጋቢት 2003 ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃዱን አልያዝክም ተብሎ መንገድ ላይ ተያዘ፤ በማቆያው ውስጥ ተደብድቦ ሞተ። መኖሪያ አልባዎችንና ለማኞችን ሰብስቦ ወደ ትውልድ ቦታቸው የሚመልሰው ከ1982 ጀምሮ ይሠራበት የነበረው ደንብ የተሻረው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነው። ከየገጠሩ የመጡት ደላሎች የሚበዙትም የከተማ ምዝገባ ወረቀት ከሌላቸው ወገኖች ነው። በውጭ ሰው ምቾት ስም እንዲህ ያለው አፈሳ እንዲመለስ የምፈርመው ፊርማ የለኝም።

አወያይ፦
እዚህ ላይ አወያይነቴን ለአፍታ ላቆየውና የራሴን ልበል። የሕግ ባለሙያውን ሐሳብ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የተማሪዋ ቅሬታ ግን በእሱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሻይ ቤቱ ቢቀጣ በምሽት የሚከተላት ሰው ይቀንሳል ወይ? እሷ ትመልስ።

የሻንጋይ ተማሪ፦
ስለ ሱን ዥጋንግ የተነገረውን እቀበላለሁ፤ ሰው ታፍሶ ይታሰር አላልኩም፣ ደግመውም እንዲህ እንዳልኩ አያድርጉብኝ። አንዴ አልፈልግም ከተባለ በኋላ የሚከተል ሰው ይቀጣ ነው ያልኩት፤ ይህ ድርጊትን እንጂ ማንነትን አይመለከትም። ኮሚሽን ከፋዩን መጠየቅ ለቦርሳውና ለሻዩ ይሠራል፤ ቤቱ አድራሻም ንግድ ፈቃድም አለው። የማሳጅ ደላላው ግን የተከራየ አፓርታማና በየወሩ የሚቀየር ስልክ ብቻ ነው ያለው፤ ከጀርባው የሚከሰስ አከራይ ፈልጎ ማግኘት እስኪቻል ድረስ ለእኔ የሚቀርበኝ መንገድ ላይ ያለው ሰው ነው።

የሕግ ባለሙያ፦
አፓርታማውም ቢሆን አከራይ አለው፤ ኪራዩም ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ መታወቅ አለበት። የእኛ የውጭ ዜጎች አድራሻ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲመዘገብ የሚጠይቅ ፖሊስ የዚያን ቤት አከራይ ማግኘት የሚያቅተው አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ምሽት ላይ የሚከተልሽን ሰው በሚመለከት በአንቺ እስማማለሁ፤ ያ የንግድ ጉዳይ ስላልሆነ ከደላሎች ጥያቄ ተለይቶ ቢታይ ይሻላል።

የጓንግዡ ነጋዴ፦
ተለይቶ ከታየ እኔም አልቃወምም። የካርጎ ካርድ የሚያድለውን ልጅ ግን አትንኩብኝ።