እየሮጡ ሰፈር ማገልገል፣ የሞከረው አለ?

ማርቆሴው፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ጠዋት ጠዋት ተሰብስበን የምንሮጥ ልጆች አለን፣ ሯጭ ምናምን አይደለንም ለጤና ነው። አንዱ ልጅ እንግሊዝ አገር ጉድጂም የሚባል ነገር አለ ብሎ ጭንቅላታችንን በላው፣ ሰዎቹ በቡድን እየሮጡ ይሄዱና የሰፈር አትክልት ቦታ ቆፍረው ወይ ለአረጋውያን ከባድ እቃ አንስተው እየሮጡ ይመለሳሉ፣ በየጊዜው እየሮጡ ሄደው የሚጠይቁትን ብቸኛ ሽማግሌ ደሞ አሰልጣኝ ነው የሚሉት። ወደነዋል ግን ምን እንስራ? ግማሹ ጣና ሄደን እምቦጭ እንንቀል ይላል ግማሹ ሐምሌ ላይ ችግኝ። ደክሞን መቆፈሩስ አይጎዳም?

የጣና ልጅ፦
እምቦጩን እርሳው ወንድሜ። ባህር ዳር ድረስ በመኪና ልትመጡ ነው፣ ከዛም የበዛው እኛ ጋ ሳይሆን በፎገራና በደምቢያ በኩል ነው፣ የቱ ጋ ነው ሩጫው? በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ጀምሮ ስንት ዘመቻ ወጥቶበታል። ውሃ ውስጥ ቆመህ ስትጎትተው ሥሩ ውሃና ጭቃውን ይዞ ነው የሚመጣ፣ ወገብህ ይላቀቃል፣ የተበጠሰው ቁራጭ እዛው ከቀረ ደሞ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ፍሬውማ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ባንድ ቀን ግርግር የሚያልቅ ነገር አይደለም።

የፍኖተ ሰላሟ፦
ችግኝም ቢሆን ሐምሌ ላይማ ማንም ይተክላል ፎቶም ይነሳል፣ ጥር ላይ ማን አለ? ወይ ከብት ይበላዋል ወይ ይደርቃል። እናንተ በዛው መንገድ በየሳምንቱ የምታልፉ ከሆነ የተተከለውን ያዙ፣ አንዳንድ ሃይላንድ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ዙሪያውን እሾህ እጠሩለት። አዲስ ከመትከል ይሄ ይሻላል እላለሁ።
ደሞ ማን እርዳታ እንደሚፈልግ ራሳችሁ አትገምቱ፣ የእድሩን ዳኛ ጠይቁ፣ የትኛዋ እናት ውሃ የሚቀዳላት እንዳጣች እሳቸው ያውቃሉ። እሁድና በዓል ቀን ግን ዶማ ይዛችሁ እንዳትሄዱ! በ21 ጓሮዬን ቆፍሩልኝ የሚል ሽማግሌ ጎጃም ውስጥ ካገኛችሁ ንገሩኝ 😂

አባ ወንፈል፦
እዚሁ ደቦ እያለ ከእንግሊዝ አመጣችሁት? ብቻ ጥሩ ነው ቀጥሉ።

ስፖርት መምህር፦
ስለ ድካሙ ለጠየቅከው፣ ቀለል ባለ ሶምሶማ ሂዱ፣ ፍጥነት የሚሰራ ሰው በሌላ ቀን ይስራ። እግር ዝሎ ከባድ ነገር ሲነሳ ነው ወገብ የሚያዝ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ማለት ነው፣ ለሁለት ያዙት ወይ ግማሽ ግማሽ ቅዱ፣ ስታነሱ ጉልበት አጥፋችሁ እንጂ ጎንበስ ብላችሁ አይደለም። ጃኬት አትርሱ፣ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ላብ ይዞህ ቦኖ ጋ ወረፋ ስትጠብቅ ብርዱ አጥንት ይገባል። ስራው ግማሽ ሰዓት ከሆነ ይበቃል።

ማርቆሴው፦
እግዜር ይስጥልን። በቃ ቅዳሜ የእድር ዳኛው ጋ እንሄዳለን። ጃኬቱን ግን ስንሮጥ ማን ይይዘዋል?

የፍኖተ ሰላሟ፦
ወገባችሁ ላይ እሰሩት እንጂ ምን ችግር አለው