አባቴንና አጎቴን ምንጩ ዳር እንዴት ላስታርቃቸው?

ሰላም ናችሁ? ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። አባቴና ታላቅ ወንድሙ ከተኳረፉ ቆዩ። መነሻው ምንጭ ነው። አጎቴ እስከ ምንጩ አፍ ድረስ ባህር ዛፍ ተከለ፣ ውሃው እየቀጠነ መጣ፣ አሁን በበጋ አንዲት ጀሪካን እስክትሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ነበር። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ፣ ጠላውም ተጠጣ፣ በማግስቱ ግን መንገድ ላይ ፊታቸውን አዙረው ተላለፉ። እኛ ጎጃሞች እልህ ላይ ማን ይችለናል!

ያሰብኩት፣ ከምንጩ ዙሪያ ባህር ዛፉ ተነስቶ ክረምት ሲገባ ሁለቱ አብረው ሾላና ዋንዛ እንዲተክሉ፣ የንስሐ አባታችንም ጸሎት አድርሰው ጸበል እንዲረጩ ነው። አጎቴ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቆጥሯል፤ ስለዚህ አንድ የቅኔ ተማሪ ስለ ውሃውና ስለ ወንድማማችነት ጉባኤ ቃና ቢያሰማን ደስ ይለኛል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት አጭር ቅኔ ናት፣ አታሰለችም። ፍርሃቴ አጎቴ ወርቁን፣ ማለትም የቅኔውን ድብቅ ትርጉም፣ ፈልፍሎ «ሰደቡኝ» እንዳይል ነው።

እናንተ ብትሆኑ የዛፉን ነገር መጀመሪያ ማን ያንሳው? እኔ ካነሳሁት «ማን ልኮህ ነው?» መባሌ አይቀርም። ደግሞ ባህር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ መልሶ እንዳያቆጠቁጥ ጉቶውን ምን አደረጋችሁት?